ሁለተኛውን ገጽ አታንብቢላቸው

ራዘርግለን፣ ከሜልበርን በስተሰሜን፣ ጥቅምት 6 ቀን 1901

ለውድ ወንድሜ ለያቤጽ ናንካሮ፣
ሞንፔሊዬ፣ ፈረንሳይ

እንደምን ሰነበትክ? ከመርከብ ወርደህ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አባባ ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ። ወይኑ ግን ደህና አይደለም።

የላይኛው ማሳ ተርፎ እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አልተረፈም። ሌላው ቅጠል ሲያወጣ ከአጥሩ ጥግ ያሉት ሰባት የወይን እግሮች ቢጫ ሆነው ቀሩ። አባባ «ውኃ ጠምቷቸው ነው» ብለው ሳምንት ሙሉ በባልዲ አመላለሱ። እኔ አንዱን ቆፍሬ ሥሩን በማጉያ መነጽር አየሁት። ወይን የሚገድለው የሥር ቅማል እንደ ቢጫ አቧራ ተለጥፎበታል። አሁን ሰባቱ አርባ ሆነዋል።

ጎረቤታችን ሚስተር ክሌምፔ የራሱን ማሳ አምና ነቅሎ ካቃጠለ ወዲህ በየቀኑ አጥራችን ላይ ተደግፎ አባባን ይነዘንዛል።

«ሆሴዕ፣ ንቀል እንጂ! ለሬሳ ውኃ ታጠጣለህ እንዴ?»

«አንተ የራስህን ቅበርና ና! ደግሞ ከአጥሬ ላይ ውረድ፣ ታጣምመዋለህ!»

ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ክሌምፔ ከሄደ በኋላ አባባ አይስቁም።

ደብዳቤህን ሳነብላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ እንደ ጸሎት ቤት ነው የሚቀመጡት። ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱን ይቀበሉኝና አገላብጠው ያዩታል። «ይሄ ምን ይላል?» ብለው ፊርማህን በጣታቸው ይነካሉ። «ያቤጽ» እላቸዋለሁ። «አሁንማ አውቀዋለሁ» ይላሉ።

ማታ ማታ መጋዘን ገብተው ከበርሜል ወደ በርሜል ይዞራሉ። ትናንት ተከትያቸው ብገባ ያን ትልቁን፣ ከወርቅ ቁፋሮው ወጥተው ወይን ተክለው በመጀመሪያው ፍሬ በ1868 የሞሉትን፣ ተንበርክከው አቅፈው «በየዓመቱ ሙቀቱ ድርሻውን ይጠጣል፤ እኔ በአዲሱ እሞላዋለሁ። አዲስ ከሌለ በምን ልሙላው? በእንባዬ?» ይሉታል። እኔን ሲያዩኝ ተቆጡና «በሩን ዝጊው፣ ዝንብ ይገባል» አሉኝ።

የተላክህበትን ሙያ ቶሎ ተማር፤ ሌላ የምልህ የለኝም።

እህትህ ቲርጻ

*

ሞንፔሊዬ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1901

እታለም፣

ስለ አልጋዬ፣ ስለ ካልሲዬ፣ ስለ ምግቤ እንዳትጨነቂ፤ ሁሉም አለ። ይልቅ ስለ ሥራው ልንገርሽ፤ አባባም ይስሙት።

የምሠራው ማዳም ፋብሬግ ከሚባሉ የችግኝ ባለቤት ዘንድ ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። መጀመሪያ ቀን ቢላዋ ስይዝ አይተው «አንተ ከምድር ታችኛው ጫፍ የመጣህ ልጅ! ሾርባ ልትጠጣበት ነው እንዴ?» አሉኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁብኝ። አሁን ግን በቀን ሦስት መቶ ችግኝ አጋባለሁ፤ ትናንት አንዱን አንስተው አሽተው፣ ጎትተው «ይህስ ሰው የሠራው ይመስላል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካን የዱር ወይን ሥሩን ቅማሉ አይገድለውም፤ ፍሬው ግን ለአፍ አይሆንም። ስለዚህ ሥሩ የእሱ፣ ላዩ የእኛ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ልክ ሰያፍ ትቆርጫለሽ፣ በእያንዳንዱ ላይ ምላስ ታወጫለሽ፣ ምላስ በምላስ ታስገቢና በዘንባባ ልጥ ታስሪዋለሽ። ልጣጩ ከልጣጩ ካልገጠመ ሞተ ማለት ነው። ከዚያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይከርማል። አባባ፣ የእኛን ቡናማ ሙስካት ወይን በዚህ መንገድ መልሼ እተክልልዎታለሁ። ጉልበትዎን ይጠብቁልኝ።

እዚህ ላይ አቁሚ፣ እታለም። የሚቀጥለው ለአንቺ ነው። ሁለተኛውን ገጽ አታንብቢላቸው።

ሙስካት እምቢ ይላል። ሌላው ወይን ከአሜሪካኑ ጋር ሲጋባ ከአሥሩ ሰባት ስምንቱ ይይዛል። ሙስካት ከአሥሩ ሁለት ቢይዝ ማዳም «ዛሬ ቅዱሳኑ በሙሉ ነቅተዋል» ይላሉ። የትኛው ሥር የእኛን ቀይ አፈር እንደሚወድ እዚህ ማንም አያውቅም። ሁሉ ቢሳካ እንኳ ለመጭመቂያ የሚበቃ ፍሬ የሚገኘው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አባባ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደረታቸው እንዴት ነው? እውነቱን ጻፊልኝ።

ያንቺው ያቤጽ

*

ራዘርግለን፣ የካቲት 2 ቀን 1902

ውድ ያቤጽ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ደብዳቤህ ጥር 17 ነው የደረሰው። ያን ዕለት ሙቀቱ የዶሮዎቹን አፍ አስከፍቶ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ለአባባ አነበብኩላቸው። ስለ ሾርባው ሲሰሙ እያሳላቸው ሳቁ። «ያቺን ሴትዮ ወደዚህ ይዟት ይምጣ፣ እኔ ነኝ የማገባት» አሉ። «ጉልበትዎን ይጠብቁልኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ሁለተኛውን ገጽ በማግሥቱ ብቻዬን አነበብኩት።

ስለ ደረታቸው ጠይቀኸኛል። አሁን አያስላቸውም። አባባ ሰላም ይሉሃል።

ሚስተር ክሌምፔ ሊጽፍልህ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ስለምጽፍ ተው አልኩት። ከእሱ ደብዳቤ ቢመጣብህ አታንብበው፣ የእሱን ጽሑፍ ታውቀዋለህ፣ ነገር ያጋንናል።

የላይኛውን ማሳ ነቅለናል። ሦስት ቀን ሙሉ ጢሱ ከሸለቆው አልወጣም። የታችኛው ገና ፍሬ ይዟል፤ ቅጠሉ ሳስቷል እንጂ ፍሬው ጣፋጭ ነው። በመጋቢት መጨረሻ ግማሽ ዘቢብ እስኪሆን ጠብቀን እንለቅመዋለን። የመጨረሻው ለቀማ ይሆናል።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ምንም ብትሰማ ትምህርትህን ሳትጨርስ እንዳትመለስ። ግማሽ ሙያ ይዘህ ብትመጣ ማናችንንም አትጠቅመንም።

ቀለሙ የፈሰሰው በሙቀቱ ነው።

ቲርጻ

*

ሞንፔሊዬ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1902

እታለም፣

ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪው እንዳይገርምሽ፤ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው፤ ጠረጴዛዬን ለጥገና ወስደውብኛል።

ስለ ትምህርቴ ላልሽው ማዳም ቢመልሱልሽ ይሻላል። ደህና ነው።

አንድ ነገር ከአባባ ጠይቂልኝ። ሌሊት እንቅልፍ ሳጣ ስለ መጋዘናችን ነው የማስበው። አባባ ፍላቱን ለማቆም አረቄውን ጭማቂው ላይ የሚያፈሱበትን ጊዜ በምን እንደሚያውቁ ጠይቄያቸው አላውቅም። እዚህ ሁሉም መለኪያ ነክረው ያነባሉ። አባባ ግን ጋኑ ላይ ጆሯቸውን ያስጠጉና ድንገት «አሁን!» ይላሉ፤ እኛ እንሯሯጣለን። አንዲት ሰዓት ብትዘገዪ ፍላቱ ጣፋጩን በልቶት ያድራል፤ ብትቸኩዪ ደግሞ አረቄና ስኳር ብቻ ነው። ምን እንደሚሰሙ ጠይቂያቸው። የራሳቸውን ቃል፣ እንደተናገሩት፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ድምፃቸውን መስማት እፈልጋለሁ።

ያቤጽ

*

ራዘርግለን፣ ሰኔ 3 ቀን 1902

ውድ ያቤጽ፣

ጥያቄህ የደረሰኝ ለቀማው ካለቀ በኋላ ነው። ሦስት በርሜል ወጣው። ሦስት ብቻ። መጭመቂያው ላይ ክሌምፔና ሚስቱ አገዙኝ፤ ለአረቄው ግን ማንንም አላስጠጋሁም።

አባባ የሚሉህ እንዲህ ነው፦ «መጀመሪያ ምንም አትሰማም። ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ የሚጥል ይመስልሃል። ያኔ ነው። ዶፍ እስኪሆን ከጠበቅክ ዘግይተሃል። ይመስለኛል ከአንድ ቀን ተኩል አያልፍም።»

ዘንድሮ ካፊያው የመጣው ንጋት ላይ ነበር። ጋኑ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ቆሜ እግሬ እስኪደነዝዝ ጠበቅኩ። «አሁን» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። በመጨረሻ ዝም ብዬ ባልዲውን አነሳሁ። ጣፋጭ ነው፤ ጽጌረዳና ዘቢብ ይሸታል። በደንብ ሠርቼው እንደሆነ ለማወቅ ግን ሃያ ዓመት መጠበቅ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ያ የማን ጽሑፍ ነው? ጉልበት ላይ የተጻፈ ደብዳቤ አውቃለሁ፤ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል እንጂ ወደ ግራ አይተኛም። ታመሃል? በቀኝ እጅህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ስምህን ብቻ ጻፍልኝ።

ቲርጻ

*

ሞንፔሊዬ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1902

ቲርጻ፣

አባባ በሕይወታቸው «ይመስለኛል» ብለው አያውቁም። ሲሳሳቱ እንኳ በእርግጠኝነት ነበር የሚሳሳቱት። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቆመሽ ጠበቅሽ፤ እግርሽ ደነዘዘ፤ ባልዲውን አነሳሽ። የታሉ አባባ? ጋኑ ጋ ለምን አልነበሩም? የቀድሞዎቹንም አወጣሁና አየሁ። «አሁን አያስላቸውም» ብለሽኛል።

መቼ ነው የሞቱት?

ስሜን በቀኝ እጄ እንድጽፍ ጠይቀሽኛል። አልችልም። በየካቲት መጀመሪያ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት ቢላዋው አመለጠኝ። ትንሽ ጭረት ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ማዳም አዩና «ሂድ ታጠብ» አሉኝ፤ «ይህችን ልጨርስ» አልኩ። በአራተኛው ቀን ክንዴ እስከ ብብቴ ቀላ። ሐኪሙ ክንዴን አትርፎልኛል። አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ አሉ፤ መካከሉ የለም።

ማዳም አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ቆዩና «አይዞህ፣ ለሾርባ ማንኪያ ይበቃሃል» አሉኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

አሁን ግቢ እጠርጋለሁ። የእንጨት ሳጥን እገፋለሁ። ቢላዋ በግራ እጄ ሞክሬ ነበር፤ አንድም አልያዘልኝም። የተላክሁበት ሙያ ከእኔ ላይ ተቆርጦ ወድቋል። ምን ይዤ ልምጣ? አባባ ካሉ ይህን አታንብቢላቸው። ከሌሉ ደግሞ የምመጣበት ምክንያት የለኝም።

ያቤጽ

*

ራዘርግለን፣ መስከረም 5 ቀን 1902

ወንድሜ፣

ጥር 19፣ እሑድ።

ከጸሎት ቤት ስመለስ ቤት አልነበሩም። በታችኛው ማሳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ በጎናቸው ተኝተው አገኘኋቸው። ባልዲው አጠገባቸው ተደፍቷል፤ መሬቱ ደርቆ ነበር፣ ቆይተዋል ማለት ነው። ዓይናቸውን ስከድን ገላቸው ሞቆ ነበር፤ ፀሐዩ ይሁን እሳቸው አላውቅም።

ቀሪውንም ልንገርህ፤ ከተነገረ ሁሉም ይነገር። ሦስት ቀን ማንም መጋዘን አልገባም። በዚያ ሙቀት በርሜሉን ውኃ የሚረጭለት ሰው ከሌለ እንጨቱ ተኮማትሮ እንደሚከፈት ታውቃለህ። ከቀብር መልስ እንግዶቹን ትቼ ስገባ ሽታው ከበሩ ነው የተቀበለኝ። የ1868ቱ በርሜል ከታች ተከፍቶ ወለሉ ጠጥቶታል። በጥቁር ቀሚሴ ተንበርክኬ የወተት ባልዲ ደቀንኩበት። አንድ ባልዲና ትንሽ ዳረገኝ። የቀረውን ጉንዳን ወረሰው። ያን ዕለት ለአባባ ያላለቀስኩትን ለበርሜል አለቀስኩ፤ ክሌምፔ አንስቶ አወጣኝ። ባልዲውን ለሌሎቹ በርሜሎች አካፈልኩት።

የደበቅኩህ ትምህርትህን ትተህ እንዳትመጣ ነበር። ያን ደብዳቤ ስጽፍልህ አንተ ጣትህን እያጣህ ኖረሃል። ሳልደብቅህ በዕለቱ ቴሌግራም ብልክልህ ኖሮ ያኔ መርከብ ላይ ትሆን ነበር፤ እጅህም እጅህ ነበር። ይህን አስልቼ ጨርሻለሁ፤ አንተ እንዳታሰላው። ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍም፤ ቃሉ ያንሳል።

አሁን ስማኝ። ከመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ሦስት መቶ የአሜሪካ ሥር ደርሶኛል። ጓሮ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። የሙስካቱን ቅርንጫፍ ከታችኛው ማሳ በክረምት ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ያ ማሳ ለከርሞ አይደርስም። የአንተ መልስ እስኪመጣ ሦስት ወር ነው፤ የጸደይ ዕንቡጥ ደግሞ ፖስታ አይጠብቅም። ስለዚህ በታኅሣሥ ደብዳቤህ ላይ ተመርኩዤ ራሴ ልጀምር ነው። ምላስ በምላስ ብለሃል፤ ምላሱ ስንት ጣት እንደሚረዝም አልጻፍክም።

ምን ይዤ ልምጣ አልከኝ። ጣት እኔ አለኝ፣ አሥሩም። የሌለኝ የሚያውቅ ሰው ነው። ና።

ቲርጻ

*

ሞንፔሊዬ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1902

ቲርጻ፣

ስምንት ወር። አባባ አፈር ውስጥ ሆነው እኔ ስምንት ወር ሙሉ በላሁ፣ ተኛሁ፣ «ጉልበትዎን ይጠብቁ» እያልኩ ከሙት ጋር ተጫወትኩ። ሐዘኔን ወስደሽብኛል። ጎረቤት ቀበራቸው፤ ልጃቸው ሳጥን ይገፋል።

እጄን ግን አንቺ አልቆረጥሽውም። «ሂድ ታጠብ» ተብዬ ነበር።

ስለ ምላሱ፦ የጣትሽ ጥፍር ያህል። ይህ ሲደርስሽ ጊዜው አልፏል፤ ምን ይረባል?

በርሜሎቹን ሽጪያቸው። አዲስ የማይገባበት ወይን ጠጅ በየዓመቱ እየወፈረ ሽሮፕ ይሆናል፤ በመጨረሻም እንጨት ላይ የቀረ ጥቁር ነገር። እንዲያ ሆኖ አትዪው። ሽጪና ሜልበርን አክስታችን ዘንድ ግቢ፤ ሠላሳ ዓመትሽ ነው፤ ሕይወት ይኑርሽ። ከሁለት ጣት ሰው ምንም አትጠብቂ። ከእንግዲህም አትጻፊልኝ፤ ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር ፖስታውን ሳልከፍት እጄን ነው የሚያመኝ።

ያቤጽ

*

ራዘርግለን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1902

ያቤጽ፣

አትጻፊልኝ ብለሃል፤ እጽፋለሁ። ከዚህ በኋላ ላልጽፍ እችላለሁ።

ሦስት መቶውን አጋባሁ። አሥራ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ምላሱን አስረዝሜው ኖሯል፤ የጥፍር ያህል ያልከው ሲደርሰኝ ሁሉም መሬት ውስጥ ነበሩ። ወጥ ቤት ተቀምጬ በጣቴ ጥፍር እየለካሁ እንደ ሞኝ ሳቅኩ። በኅዳር አጋማሽ ስልሳው ቅጠል አወጡ። ክሌምፔን ጠርቼ አሳየሁት፤ ባርኔጣውን አወለቀ። በሳምንቱ ትኩስ ነፋስ መጣ። አርባ ቀሩ፣ ሃያ ቀሩ። ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ናቸው። ውኃ በማንኪያ ነው የማጠጣቸው ብልህ እመነኝ።

ከሜልበርን ወይን ጠጅ ነጋዴ መጥቶ መጋዘኑን አይቷል። ደግ ሰው ነው፤ ቀምሶ «እመቤት፣ እዚህ ውስጥ ሰው አለ» አለኝ። በሚያዝያ ሠረገላ ይዞ ይመጣል። እሺ ብዬዋለሁ። እስከዚያ ካልመጣህ በርሜሎቹ ይሄዳሉ፣ አሥራ አንዱንም እተዋቸዋለሁ። ከሥር ይሁን ከላይ ሌላ ሌላ ቀንበጥ እያወጡ ነው፤ የቱ የእኛ፣ የቱ የአሜሪካኑ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። የሚቆረጠውን ትቼ የሚያድገውን ብቆርጥስ?

ደክሞኛል፣ ወንድሜ። አንተ ላይ አልተቆጣሁም። ደክሞኛል ብቻ።

ቲርጻ

*

በወጥ ቤትሽ ጠረጴዛ ላይ፣ መጋቢት 11 ቀን 1903፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

እታለም፣

ቤቱን ክፍት አገኘሁት። ክሌምፔ ከወንዙ ማዶ የሰው ወይን ልትለቅሚ እንደሄድሽ፣ ሲመሽ እንደምትመለሺ ነገረኝ። እጄን አየና የያዘውን ዳቦ ለሁለት ገምሶ ሰጠኝ።

የታኅሣሡ ደብዳቤሽ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተመልሶ አገኘሁት፤ ፖስታው ላይ «ሄዷል» ብለው ጽፈው የመለሱት ማዳም ናቸው። እንደተላከልኝ ቆጥሬ ከፈትኩት። ገና ሳይደርሳቸው በጥር መጀመሪያ ወጥቻለሁ። ያንን ክፉ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ካስገባሁ በኋላ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ማዳም መጥረጊያውን ከእጄ ቀሙኝና «ጣቱ ቢሄድ ዓይኑ እኮ አለ! ሂድልኝ፣ ግቢዬን አታቆሽሽ!» አሉኝ። የሚቀጥረኝ መርከብ እስካገኝ ጥር ገባ፤ ድንች እያጠብኩ ነው የመጣሁት።

አባባ ዘንድ ሄጄ ነበር። ብዙ አልቆየሁም። አመሻሽ ላይ አብረን እንሄዳለን፤ ብቻዬን አልቻልኩትም።

ከዚያ አሥራ አንዱን አየሁ። ቲርጻ፣ ይዘዋል። መጋጠሚያቸው አብጦ ተዘግቷል፤ በግማሽ ደብዳቤ እንዲህ የሠራ ሰው አላየሁም። ያሰርሽበትን ልጥ ግን ሳትፈቺው ቀርተሻል፤ ስላልነገርኩሽ ነው። ግንዱ እየወፈረ ልጡ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ እያነቃቸው ነው። አንድ ቀን እንኳ የሚታገሡ አልመሰሉኝም። ቢላዋ በግራዬ ይዤ ልጣጩን እንዳልወጋው ፈራሁ። በሁለት ጣት ደግሞ ቋጠሮው አልፈታ አለኝ።

መሬት ላይ በሆዴ ተኝቼ ሰባቱን በጥርሴ ፈታኋቸው። አራት ቀርተዋል፤ ድዴ ስለደማ አቆምኩ። አፌን ታጥቤ ይህን ጽፌልሻለሁ፤ ተመልሼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እንደገባሽ ቀሚስሽን ሳትቀይሪ ቢላዋሽን ይዘሽ ነይ።